ሽማግሌዎቼን ይዤ በሀይዌይ ሠላሳ

አውሮራ ከተማ ውስጥ ስቴት ሀይዌይ ሠላሳ የሚባል መንገድ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በየቀኑ የሚነዱበት ሰዎች እንኳ አያውቁትም። አንዱን ክፍል «ሃቫና» ይሉታል፤ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ «ሲክስዝ አቬኑ» ይሉታል፤ የአየር ኃይሉን ግቢ አልፎ ሣር ብቻ ወዳለበት ሜዳ ሲወጣ ደግሞ ስም የሚሰጠው የለም። ሀይዌይ ተብሎ እንዲህ አጭር መንገድ እኔ አላየሁም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢነዱት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እሱም የትራፊክ መብራቱ ስለሚበዛ።

እኔ ግን ቁጥሩን አልረሳውም። ሚስቴን ያገኘሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ላጣት የነበረውም እዚያው ነው። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መካከል ላይ፣ በአንድ እሑድና በማግስቱ ሰኞ ነው።

ያኔ ፍላገር ነበርኩ። ፍላገር ማለት መንገድ ሲቆፈር ዳር ላይ ቆሞ መኪና የሚያስቆምና የሚያሳልፍ ሰው ነው። ረጅም ዘንግ ይይዛል፤ ጫፉ ላይ ሰሌዳ አለ፤ በአንድ ፊቱ «ስቶፕ»፣ በሌላው ፊቱ «ስሎው» ተጽፎበታል። በሀይዌዩ ምሥራቅ በኩል፣ መንገዱ ጠቦ አንድ ሌን ሂያጅ አንድ ሌን መጪ ብቻ በሚሆንበት ቦታ፣ ኮንትራክተሩ የጎርፍ ቱቦ ይቀብር ነበር። አንዱ ሌን ተዘግቶ በቀረው ተራ በተራ ነው የሚታለፈው። በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው ጫፍ ዳያን የምትባል ሴትዮ ቆመን በሬዲዮ እንነጋገራለን። እሷ ስታሳልፍ እኔ አስቆማለሁ፤ እኔ ሳሳልፍ እሷ ታስቆማለች። ሥራው ይኸው ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ብርዱና ስድቡ ግን ቀላል አልነበረም። የቸኮለ ሰው ሁሉ ከመንግሥትም ከኮንትራክተሩም ጋር የሚጣላው በእኔ በኩል ነበር።

ትርሲትም ከተጣሉኝ አንዷ ናት። ከዚያ ወዲያ ባሉት አዲስ ቤቶች ውስጥ ትኖር ስለነበር ማለዳ ነርሲንግ ሆም ወደሚባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ስትሄድ በእኔ በኩል ታልፋለች። አንድ ቀን መስኮቷን አወረደችና ሐበሻ መሆኔን እንኳ ሳትጠይቅ በአማርኛ ጀመረችኝ።

«ወንድሜ፣ በእመቤታችን አሳልፈኝ። ዛሬም ካረፈድኩ መባረሬ ነው።»

«እህቴ፣ ባሳልፍሽ ከፊት ለፊትሽ ገልባጭ መኪና እየመጣ ነው» አልኳት።

«ለአገርህ ልጅ እንኳ?»

«ለአገሬ ልጅማ ይብሱን አላሳልፍም።»

ለጥቂት ቀናት ዞር ብላም አላየችኝ። ከዚያ አንድ በረዶ የጣለበት ጠዋት በመስኮት ሻይ በቴርሞስ አቀበለችኝ። ነገራችን እንዲህ ተጀምሮ በዓመቱ ልንጋባ ተስማማን።

በዚያው የብርድ ወራት አባቷ አቶ አያሌው ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ሊያዩ ከደሴ መጥተው ትርሲት ቤት ከረሙ። የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ ስለሞቱባቸው ትርሲትንና ታላቅ እህቷን ሂሩትን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። ትርሲት ያለ አባቷ ፈቃድ እንደማታገባኝ ቁርጡን ነግራኛለች።

«በስልክ እሺ እንዲል አልፈልግም» አለችኝ። «እዚሁ እያለ ሽማግሌ ላክ። ሥራህንም እንዳለ ይንገሩት። እምቢ ካለ ግን አልለምነውም፤ ከአሁኑ እወቀው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስቀድም። ሽማግሌ ሳይላክ አማች ፊት መታየት ነውር ስለሆነ፣ ትርሲት አባቷን ይዛ በመንገዱ ስታልፍ እንደማንተዋወቅ ልንሆን ተነጋግረን ነበር። ሄልሜት አለኝ፣ ጥቁር መነጽር አለኝ፣ አፍንጫዬ ድረስ ሻርፕ ጠምጥሜያለሁ፤ እናቴ ብትመጣ አታውቀኝም። ግን መኪናዋ ሲቆምና ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ በመስኮት ሲያዩኝ ወገቤ ሳላዘው ጎንበስ አለ። ስቶፕ የሚለውን ሰሌዳ እንደያዝኩ እጅ ነሳሁ።

ማታ ትርሲት በስልክ ጮኸችብኝ። «ሜክሲካዊ ነው ብዬው ነበርኮ! ሜክሲካዊ መቼ ነው ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳው?»

አቶ አያሌው የሚበሩት ሰኞ ማታ ነበር። እኔ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ሥራና ዕረፍት አልገጥም እያለኝ ያገኘኋቸው ለእሑዱ ብቻ ነው። በደንቡ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዴ ተመለሱ ይባላል፣ አንዴ ዘመድ እናማክር ይባላል። እኛ ግን ያለን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አፈ ጉባኤው ፓርክ ሂል የሚኖሩት ጋሽ በላቸው ነበሩ፤ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው። ሁለተኛው ኢስት ኮልፋክስ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ እሳቸውም የወሎ ሰው ስለሆኑ ከአቶ አያሌው ጋር ይግባባሉ ብዬ ነው የለመንኳቸው። ሦስተኛው አቶ ተክሉ የተመረጡት ለእርጋታቸው ነው፤ በእውነቱ ደግሞ ቫን ስላላቸው ጭምር። የዚያን ቀን ቫኑ በብርዱ አልነሳ አለ።

«አንተው ውሰደን» አሉኝ ጋሽ በላቸው።

«ጋሼ፣ ሙሽራ የራሱን ሽማግሌ ነድቶ ይሄዳል እንዴ?»

«ታዲያ በአውቶቡስ እንሂድ? ራቅ አድርገህ አውርደንና ጥግ ይዘህ ጠብቅ።»

ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሦስቱንም በኮሮላዬ ጭኜ በሃቫና ወርጄ በሲክስዝ አቬኑ ወደ ምሥራቅ ታጠፍኩ። እሑድ ስለሆነ ሥራው ቦታ ላይ ማንም የለም፤ ብርቱካናማዎቹ ኮኖች ብቻ ዳር ይዘው ተሰልፈዋል። ጋሽ በላቸው አንገታቸውን አስረዝመው አዩ።

«ይኸ ነው መንገድህ?»

«አዎ፣ ከዚህ እስከዚያ ኮረብታ።»

«ሁሉም አንተን ጠብቆ ነው የሚያልፈው?»

«ስቶፕ ስል ይቆማሉ፤ ሳዞረው ያልፋሉ።»

«እንግዲህ ያለ አንተ ፈቃድ ገዥውም ቢሆን አያልፍም በላ!» አሉና ዝም አሉ። ያ ዝምታ ምን እያዘጋጀ እንደነበር ባውቅ ኖሮ መኪናዬን እዚያው አዙሬ በተመለስኩ።

ሐጂ ኑሩ ግን የገባቸው ይመስለኛል። «ጋሽ በላቸው፣ ልጁ እንዳለ ይነገር፤ አደራ» አሉ።

ቤቱ ጋ ስንደርስ ራቅ ብዬ ለማቆም አሰብኩ፤ ነገር ግን የእግረኛው መንገድ በረዶ ግግር ሆኗል፤ የጋሽ በላቸው ጉልበት ደግሞ የታወቀ ነው። በሩ ፊት አወረድኳቸው። ገና ከመሪው ሳልላቀቅ በሩ ተከፈተና አቶ አያሌው ብቅ አሉ። ሰላምታው ተጀመረ፤ ጉንጭ ለጉንጭ፣ ደህና ናችሁ፣ ቤተሰብ ደህና። ከዚያ በትከሻቸው ላይ አሻግረው ወደ እኔ አዩ።

«ሹፌሩስ?»

«እሱ ይጠብቀናል፤ ለምዶታል» አሉ ጋሽ በላቸው።

«በዚህ ብርድ? የእኔ ደጅ ላይ?»

ነጠላ ጫማቸውን እንዳጠለቁ በበረዶው ላይ መጥተው መስኮቴን አንኳኩ። «ልጄ፣ ውረድ።»

«ግድ የለም አባባ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

«ምን ይሻለኛል አለ! ሰው ደጄ ላይ እየበረደው እኔ ቤት እንግዳ አይስተናገድም። ውረድ ብዬሃለሁ።»

የምሄድበት አለኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ስልክ ተደወለልኝ ማለት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ አንዱም አልመጣልኝም። ታላቅ ሰው በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ቆሞ ሲለምናችሁ መውረድ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይታሰብም።

ስገባ ትርሲት ከኩሽና የውኃ ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ ወጣች። አየችኝ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ፤ አልወደቁም። «ደህና ዋሉ» አለችኝ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አንቱ አለችኝ። አባቷ ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ አዚፋው ሁሉ ተሰናድቷል፤ እሑድ ሆኖ ሥጋ ያልተሠራው ሐጂ ኑሩ አብረው ይቆርሱ ዘንድ ነው።

አቶ አያሌው «ተቀመጡ እንጂ» ቢሉ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ እምቢ አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።» እነሱ ቆመው እኔ መቀመጤ ከብዶኝ ብድግ አልኩ።

«አንተን ደግሞ ምን አቆመህ? ሽማግሌ ነህ?» አሉኝና መልሰው አስቀመጡኝ።

ጋሽ በላቸው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ስለ ዘር፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ሰው አገር ብዙ ተናገሩ፤ ንግግሩ በእውነት ያማረ ነበር። በመጨረሻም «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

«እሰይ፣ ደግ መጣችሁ። ልጃችሁ ማን ይባላል? ምንስ ይሠራል?»

«ሲሳይ ይባላል» አሉ ሐጂ ኑሩ ቀደም ብለው። «መንገድ ሥራ ላይ ነው። ትሑት፣ ታታሪ…»

«ኢንጂነር ነው» አሉ ጋሽ በላቸው ነጥቀው። «ይህን የመጣንበትን ሀይዌይ የያዘው እሱ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ አንድ መኪና አያልፍም!»

ከኩሽና በኩል ድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። ሐጂ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ጋሽ በላቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲያሞግሱ ጣራ ማሳለፍ ልማዳቸው ነው። ለተማሪዎቻቸውም፣ ለወዳጆቻቸውም እንዲሁ ናቸው። ለእኔም ያደረጉት ያንኑ ነው።

አቶ አያሌው ግን አልተደሰቱም። ቀስ ብለው ተቀመጡና ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ጀመሩ።

«ታላቂቱን ልጄን ሂሩትን የሰጠኋት በሽማግሌ ነው። ከዚሁ አገር ተደውሎ፣ ልጁ ዶክተር ነው ተባልኩ። እሷም አምና መጣች። ለካ ሆስፒታል የሚያጸዳ ነው። ስሙኝ፤ ማጽዳቱ አይደለም ያስለቀሰኝ። እኔም መጋዘን ጠርጌ ነው የጀመርኩት። እሱ ግን ያንን ውሸት ለመጠበቅ ሌላ ሲዋሽ፣ ሌላውን ለመጠበቅ ሌላ ሲዋሽ፣ ልጄ በማን ቤት እንደምትኖር እስከማታውቅ ድረስ ኖረች። አሁን እዚሁ ሊትልተን ከተማ ብቻዋን ናት። ለዚህ ነው ይህችኛዋን ከመስጠቴ በፊት በዓይኔ ልይ ብዬ የመጣሁት።»

ይህን ታሪክ ትርሲት ነግራኝ አታውቅም። ሂሩት መፋታቷን እንጂ ምክንያቱን አልሰማሁም ነበር። ጋሽ በላቸውን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ የተናገሩትን መዋጥ ግን አልቻሉም።

አቶ አያሌው በድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ቀና በል። የት ነው የማውቅህ?»

ቀና አልኩ።

«መንገዱ ላይ ሰሌዳ ይዞ የሚቆመው አይደለህም? እጅ የነሳኸኝ? ልጄ ሜክሲካዊ ነው ብላኝ፣ እኔ የለም ይህ ያሳደገው ሰው አለ ብያት ነበር።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይኸው! እግዜር ምስክር ላከልኝ» አሉና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «እንግዲያው ይህን ኢንጂነር ታውቀዋለህ፤ አለቃህ ነዋ። ሽማግሌዎቹን ሳትፈራ እውነቱን ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጄን ልስጠው?»

አንባቢዎቼ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆናችሁ ብታስቡት ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። እኔ የታየኝ ሁለት መንገድ ነው። «ደህና ሰው ነው» ብል ትርሲትን ዕለቱኑ አገኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኬን ኢንጂነር ሆኜ መኖር አለብኝ። እውነቱን ብናገር ሦስት ሽማግሌዎችን፣ ያውም ለእኔ ብለው በብርድ የመጡትን፣ በሰው ቤት አዋርዳለሁ፤ ልጅቷንም አጣለሁ። ትርሲት የኩሽናው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። በዓይኗ እንኳ ምንም አላለችኝም።

«አባባ፣ ኢንጂነሩ ራንዲ የሚባል ፈረንጅ ነው፤ ሚስትም ልጆችም አሉት» አልኩ። «እዚያ መንገድ ላይ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ሲሳይ የተባለውም፣ ሽማግሌ የላክሁትም እኔ ነኝ። ሥራዬ ያዩት ነው። መኪናቸው አልነሳ ስላለ ነው እኔው ያመጣኋቸው።»

አቶ አያሌው ብዙ አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፣ አባዬ። እንዲህ እንደሚባል ግን አላውቅም ነበር።»

ብድግ አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «አለመቀመጣችሁ ደግ ሆነ» አሉ። «እህሉ ቀርቧል፤ ቤቴ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም። ለመጣችሁበት ነገር ግን ዛሬ መልስ የለኝም።» ደረጃውን ወጥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ በሩም ሲዘጋ ሰማን።

መልስ ያላገኘ ሽማግሌ እህል አይቀምስም። ትርሲት ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ እኛም ወጣን።

ስንመለስ እንባዬ እየመጣ መንገዱ ደበዘዘብኝ። ጋሽ በላቸው «ለአንተ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ» አሉ በተሰበረ ድምፅ። አልመለስኩላቸውም፤ ከመለስኩ የማይሆን ነገር እንደምናገር አውቄያለሁ። ሐጂ ኑሩ ከኋላ ሆነው «እኔም አውቄ ዝም ማለቴ ከእሳቸው አይሻልም» አሉ። ከዚያም ሊያጽናኑኝ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ሲሳይ» አሉኝ።

«ለማደር ጊዜ የለንም፣ ሐጂ። ነገ ይበራሉ» አልኳቸው።

ማታ ትርሲት ደወለች። «ከክፍሉ አልወጣም። ሻንጣውን እያሰረ ነው። አንድ ቃል አልተናገረኝም» አለች። ቀጥላም «አልለምነውም ብዬህ ነበር» አለችኝ። እኔም ለምኚልኝ አላልኳትም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ምን ላድርግ? ቱቦው ሚስት ያጣውን አይጠብቅም። መሬቱ በረዶ ሆኖ እንደ ብርጭቆ ያንሸራትታል፤ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ነፋሱ ግን ፊት ይቆርጣል። ረፋዱ ላይ ስቶፕ አድርጌ እንደቆምኩ የትርሲት መኪና መጥታ ከሰልፉ ሦስተኛ ሆና ቆመች። አባቷ ከፊት ተቀምጠዋል። ሂሩትን ተሰናብተው ማታ ከዚያው ወደ ኤርፖርት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ማየቴ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በሬዲዮ ዳያን «ሁለት ገልባጭ ለቅቄያለሁ፤ ፈጥነው ነው የሚመጡት» አለችኝ።

ያን ጊዜ የመኪናው በር ተከፈተ። አቶ አያሌው ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ወረዱ፤ ከቆሙት መኪኖች በግራ በኩል፣ ገልባጮቹ በሚመጡበት በክፍቱ ሌን፣ በዚያ በሚያንሸራትት አስፋልት ላይ ወደ እኔ መራመድ ጀመሩ። ትርሲት «አባዬ!» እያለች ከኋላ ትጮኻለች። ኮረብታው ላይ የመጀመሪያው ገልባጭ ብቅ ሲል አየሁት።

«ይመለሱ!» አልኩ።

«አንዲት ቃል ብቻ…» አሉ መራመዳቸውን ሳያቆሙ።

«ምንም ቃል የለም! ወደ መኪናው ይግቡ! አሁኑኑ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር። በሕይወቴ ታላቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው ክው ብለው ቆሙ፤ አዩኝ፤ ዞሩ። ገብተው በሩ ከኋላቸው ገና ሲዘጋ ገልባጮቹ እየተከታተሉ አለፉ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የረገጡት የበረዶ ጭቃ የትርሲትን መኪና ከጎን በኩል አለበሳት።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ሽማግሌው ተርፈዋል። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቼ ያልጨረሱትን እኔ በገዛ አፌ ጨረስኩት አልኩ። በአደባባይ፣ በልጃቸው ፊት፣ እንደ ሕፃን ገሠጽኳቸው።

ሰሌዳውን አዞርኩ። አንደኛዋ መኪና አለፈች፤ ሁለተኛዋም። ትርሲት መጣች፤ ፊት ለፊቷን ብቻ እያየች ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ አጠገብ ስትደርስ በአባቷ በኩል ያለው መስኮት ወረደ።

«ስማ» አሉኝ አቶ አያሌው ጣታቸውን ቀስረው። «ልጄ ላይ ግን እንዲህ እንዳትጮኽባት።»

ከኋላ ክላክስ ተነፋ፤ መኪናዋ አለፈች።

አምስት ስድስት መኪና ካሳለፍኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሥራዬን ጥዬ ልሮጥ አልችልም፤ መስመሩ ገና አላለቀም። ዳያን በሬዲዮ «ሲሳይ፣ ምነው ጠፋህ? አለቀ ወይስ አላለቀም?» አለችኝ።

«ላገባ ነው» አልኳት።

«አሁን?» አለች ደንግጣ።

ሰርጋችን በበጋው ሆነ። የመረቁን ጋሽ በላቸው ናቸው፤ በምርቃታቸውም እኔን አንድ ጊዜ እንኳ ኢንጂነር አላሉኝም። ተኮራርፈን ብንቀር ኖሮ የምጎዳው እኔ ነበርኩ፤ ከብርዱ ጋር እየታገሉ ለእኔ የቆሙ ሰው ናቸውና።

ያ እሑድ የለወጠኝን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «መንገድ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ሰሚው የፈለገውን እንዲሞላበት ክፍት የተተወ ነው። ጋሽ በላቸው ኢንጂነር ብለው የሞሉት እኔ ባዶ የተውኩትን ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በስሙ እጠራዋለሁ። አሁን ዕድሜዬ ገፋ ሲል እኔም ሽማግሌ ሆኜ እላካለሁ። የሚልከኝን ልጅ መጀመሪያ የምጠይቀው በቀን ውስጥ እጁ ምን እንደሚነካ ነው፤ የነገረኝንም እንዳለ አደርሳለሁ። እናንተም ሰው ስታጩ ሞገስ አትጨምሩለት፤ የጨመራችሁትን ተሸክሞ የሚኖረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዓመታት ተሳስቼ ኖሬያለሁ። ይህን ታሪክ በየግብዣው ሳወራ መጨረሻውን የማሳምረው «አማቴ ልጃቸውን የሰጡኝ ስለጮኽኩባቸው ነው፤ ሥራዬን ከእሳቸው አስበልጬ መያዜን አይተው ነው» እያልኩ ነበር። ሰዉም ይስቃል፣ ያደንቃልም። ባለፈው ዓመት ከደሴ ደውለው ስናወራ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ይህንኑ አነሳሁባቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን መንገዱ ላይ ስለጮኽኩብዎ አይደል እሺ ያሉኝ?»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «በእሱማ ይቅር አልኩህ እንጂ በእሱ መች ሰጠሁህ! እኔ የሰጠሁህ እሑድ ነው፤ ሲሳይ የተባለው እኔ ነኝ ስትል።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?»

«ምርቃት ከውሸት ጋር በአንድ ቤት ይውላል? ይደር ብዬ ነው። ሰኞ ከመኪና የወረድኩት ልመርቅህ ነበር፤ አንተ አባረርከኝ።»

ትርሲት ከጎኔ ሆና «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሰጡኝ እሑድ ነው አሉ» ብዬ ስልኩን አቀበልኳት።